አጽሙ በሬ ተዋጊና የእንቁጣጣሽ ዳቦ

ዳቦ ቆርሳችሁ ታውቃላችሁ? ሻይ ቤት ገብታችሁ የምትገምጡትን ማለቴ አይደለም። በዓመት በዓል፣ በገዛ ቤታችሁ፣ ቤተ ዘመድ ቆሞ እያያችሁ፣ በኮባ የተጋገረውን ድፎ ዳቦ መርቃችሁ ቢላዋ የምታሳርፉበትን ነው የምለው። ካወቃችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ይህን ትታችሁ ወደ ሥራችሁ መሄድ ትችላላችሁ። እኔ ግን በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ዳቦዬን ሌላ ሰው ሲቆርስ ከጎን ቆሜ አሜን ያልኩ አባወራ ነኝ።

ጥፋቱ የበግ ነው። በደርግ ማብቂያ ዓመታት ኮልፌ ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ ያኔ አንድ ፋሲካ ላይ የሚስቴ ቤተሰቦች ተሰብስበው ሳለ በጉን የማርደው እኔ ነኝ ብዬ ተነሳሁ። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ካርታ ላይ ካልሆነ በቀር ስለት አስነክቼ የማውቀው ነገር የለም። ቢላዋውን ይዤ «በስመ አብ» ስል ደም ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ እጄ ላይ የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር። በጉን ፈልገን ያገኘነው ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ከተሰለፉ ሰዎች መካከል ነው። እንደ አቋቋሙ ተራ የያዘ ይመስል ነበር። የሚስቴ ወንድም ግርማ ተሸክሞ መለሰውና አንዴ «በስመ አብ» ብሎ ጨረሰው።

ከዚያን ቀን በኋላ ቤቴ ውስጥ ሥልጣን ተላለፈ። አማቴ እማማ አስካለ ለበዓል ከአስኮ ይመጣሉ። አማትና አማች በሚከባበሩበት በድሮው ሥርዓት ያደጉ ስለሆኑ እኔን አንድም ቀን «አንተ» ብለውኝ አያውቁም። ሲያዋርዱኝም በአንቱታ ነው። ያን ፋሲካ ዳቦው ቀርቦ እጄን ወደ ቢላዋው ስዘረጋ ቢላዋውን ቀስ አድርገው አነሱና፣

«እርስዎ አይድከሙ፤ ግርማ ይቆርሳል» አሉ።

እርስዎ አይድከሙ! እናንተዬ፣ ሰው በአክብሮት እንደዚህ ሲሰደብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቢያንስ «አንተ ፈሪ» ቢሉኝ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን ምን ብዬ ልቆጣ? አልደክምም ብዬ?

እንግዲህ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ እኔም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ተኮፍሼ ሳለሁ፣ ግርማ ለዕረፍት መጣ። ግርማ መርከበኛ ነው። ባሕር ላይ ከርሞ ሲመጣ ሌላው ሰው ሸሚዝና ሽቶ ይዞ እንደሚመጣው እሱ አንድ ነጭ ሣጥን ይዞ ከተፍ አለ። የቴሌቪዥናችንን የአንቴና ገመድ ነቅሎ ሣጥኑን ሰካበት። ባለቤቴ ጥሩወርቅ በእጇ የጠለፈችውን የቴሌቪዥን ልብስ ገለጥ አድርጎ ሲያበራው፣ የማታው ዜና አንባቢ ይቀመጥበት በነበረው መስኮት ላይ አንዲት ጣት የምታህል ሰው መሄድ ጀመረች።

«ጨዋታ ነው ጋሼ» አለኝ። «ጃፓኖች የሠሩት። ሰውየው አንተ ነህ። አገር ላገር ትዞራለህ፣ መንደርተኛውን ታነጋግራለህ፣ ጠላት ሲገጥምህ ተራ በተራ ትማታላችሁ። ቀስ በቀስ እየጠነከርክ ትሄዳለህ።»

«ምን እያሉ ነው የሚያነጋግሩኝ?»

«እንጃ፣ በጃፓንኛ ነው።»

ሣጥኑ አንድ ክፉ ዓመል ነበረው። ከጠፋ ሁሉን ይረሳል፤ ያን ሁሉ አገር አቋርጣችሁ የደረሳችሁበት ቦታ ይቀርና ከመጀመሪያዋ መንደር ትነሳላችሁ። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ብናጠፋም ሣጥኑን አናጠፋውም ነበር። ቀንም ሌትም ትንሿ መብራቱ እንደበራች ታድራለች። በዚያ ሰሞን በግቢያችን መብራት እንዳይጠፋ ከእኔ በላይ የጸለየ ሰው አልነበረም።

ግርማ መንገዱን በቃሉ ያውቀው ስለነበር በጥቂት ቀናት ጀግናችንን ጫካና በረሃ አሻግሮ አንድ ክብ ሜዳ ላይ አደረሰው። ጀግናችን መንገድ ላይ ባለ ሁለት ቀንድ የብረት ቆብ አግኝቶ አጥልቋል። በሩ ተከፈተና ከወዲያ በኩል አንድ አጽም ወጣ። ሥጋ የሚባል ነገር የለውም፤ የጎድን አጥንቱን ከዚህ ሆኜ መቁጠር እችላለሁ። ያም ሆኖ አጭር ካባ ደርቧል፣ ኮፍያ አድርጓል፣ አንድ እግሩን ወደ ፊት አስቀድሞ ደረቱን ነፍቷል። በግራ እጁ ሰፊ ጨርቅ ያውለበልባል፤ ጎራዴው ከጨርቁ ኋላ ነው።

«ስፔን!» ብዬ ጮህኩ። ስፔን የት እንዳለች ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ኮልፌ ውስጥ የለም። «ይሄ በሬ ተዋጊ ነው! እነሱ አገር ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ ሰው ከበሬ ጋር ይጋጠማል። በሬው ጨርቁን ሊወጋ ሲሮጥ ሰውየው ከጎን ዞር ብሎ ይወጋዋል።»

«እንግዲህ በሬው አንተ ነህ» አለ ግርማ። «መርከቡ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሞክሮታል፤ ማንም አልጣለውም።»

«አጥንት አቃታችሁ?»

«ተው ጋሼ። ይሄ እንደ በጉ አይሸሽም።»

ባለቤቴ በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። ደሜ ፈላ።

«ከጣልኩትስ?»

«ከጣልከው የእንቁጣጣሽን ዳቦ አንተ ትቆርሳለህ። ካልጣልከው ግን ቢላዋው ዕድሜ ልኬን የኔ ነው።»

«ዳቦውን የምጋግረው እኔ፣ የምትፎካከሩበት እናንተ» አለች ጥሩወርቅና ወደ ማድ ቤት ሄደች። እኛ ግን እጅ ለእጅ ተመታትተን ነበር።

አሁን ውጊያውን ላስረዳችሁ። ተራችሁ ሲደርስ አራት መስመር ጽሑፍ ይወጣል። ከሣጥኑ በገመድ በተያያዘው መጫወቻ ቁልፎች የመጀመሪያውን ስትጫኑ ጀግናው በሰይፍ ይመታል። ሁለተኛው እሳት ይወረውራል። ሦስተኛው መድኃኒት ይጠጣል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። አራተኛውን ስትጫኑ ግን ምንም አያደርግም፤ ጋሻውን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ቧንቧ ወረፋ ጠባቂ ይገተራል። እኔ በሰይፍ ሮጥኩ፤ አጽሙ ጨርቁን አውለብልቦ ዞር አለና ጀርባዬን ወጋኝ። በእሳት ሞከርኩ፤ ጨርቁ እሳቱን ዋጠው። መድኃኒቱን ጠጥቼ እንደገና ሮጥኩ፤ እንደገና ተወጋሁ። ወድቄ ስነሳ ከሜዳው በር ላይ ነኝ። በማግስቱም እንደዚሁ። እጄ ላይ ከቁልፎቹ የተነሳ ውሃ የቋጠረ እብጠት ወጣብኝ፤ ጠመኔ እንኳን እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

ይህን ጊዜ ነው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታፈሰ ለአብዮት በዓል የጽዳት ዘመቻ ሊያስታውቀን በሩን ገፋ አድርጎ የገባው። ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ተተከለ።

«ጓድ መምህር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? የውጭ አገር ሣጥን፣ የማይነበብ ጽሑፍ፣ የሚደንስ አጽም።  አፌ ግን ከልቤ ቀድሞ ተንቀሳቀሰ።

«ኢምፔሪያሊዝም ነው፣ ጓድ።»

ጓድ ታፈሰ ኮፍያውን አወለቀ። ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ አጽሙን ካየ በኋላ ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነው። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ያ ቀንዳሙስ?»

«ሰፊው ሕዝብ ነው።»

«ጨርቁስ? ቀይ ነው እንዴ?»

ግርማ ያ ጨርቅ በውጭ አገር ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ላይ ቀይ መሆኑን ያውቃል፤ ሊናገርም አፉን ከፍቶ ነበር። እግሩን ረገጥኩት።

«ነጭ ነው፣ ጓድ። የኛ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ነው እንጂ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ጋቢ በሉት።»

«አዎን፣ ኢምፔሪያሊዝም የኛን ቀይ ሊይዝ አይችልም» ብሎ ተስማማ። እኔም ከዚህ የተነሳ ያ ጨርቅ ጋቢ መሆኑን ራሴ አመንኩ። ውሸት ስትዋሹ መጀመሪያ የምታሳምኑት ራሳችሁን ነው መሰለኝ።

ተገላገልኩ ብዬ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት ግን ጓድ ታፈሰ ተመልሶ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ሰፊው ሕዝብ ሲወጋ አየ፣ ሲወድቅ አየ፣ ከበሩ ሲመለስ አየ። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«ጓድ መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኢምፔሪያሊዝም በሌላው ዓለም እየተንኮታኮተ ነው። አንተ ቤት ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚያሸንፈው?»

 እሱ ራሱ ቁልፎቹን ከእጄ ወሰደና ሞከረ፤ ተወጋ። ገመዱ ላልቷል አለ። ግርማ በዚህ መሐል፣ «እስቲ አራተኛውን ደጋግመን እንየው፤ ባሕር ላይ አንዴ ብቻ ነው የነካሁት» ሲል ጓድ ታፈሰ እጁን አነሳ።

«አራተኛው ምን ያደርጋል?»

«ቆሞ ያያል።»

«ጠላት ፊት ቆሞ ማየት? ይሄ መሀል ሰፋሪነት ነው! በዚህ ቀበሌ ውስጥ አራተኛውን የሚጫን እንዳይኖር።»

በእነዚያ ዓመታት መሀል ሰፋሪ መባል ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፤ ያላየ ደግሞ እንኳን አላየ። አራተኛዋ መስመር በሕግ የታገደች ሆና ቀረች። እውነቱን ለመናገር እገዳው አልከበደኝም። ዳቦ መቁረስ የሚፈልግ ወንድ ቆሞ አያይም፣ ይሮጣል ብዬ ነበር የማስበው።

ጳጉሜ እንዲህ እየሮጥኩና እየተወጋሁ አለቀች። የዋዜማው ዕለት እማማ አስካለ ከአስኮ መጡ። ከደጃፉ ላይ ሆነው ቴሌቪዥኑን አዩና አማተቡ።

«እርስዎ ቤት አጽም ያስገባሉ?»

«እየታገልኩት ነው፣ እማማ።»

«በተቀመጡበት?»

«አዎን።»

አጽሙን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው አጽሙን አዩት። ከሁለታችን የቱ እንደሚሻል እየመዘኑ ይመስል ነበር። «አይድከሙ» ብለውኝ ወደ ማድ ቤት አለፉ። ያቺ ቃል እንደገና ተነገረች እንግዲህ፤ ቢላዋው በዓይኔ ላይ ዞረ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ማለዳ። የግቢያችን ሰዎች ለቅርጫ ያዋጣንበት በሬ ከቡራዩ በኩል መጥቶ ቧንቧው ብረት ላይ ታስሮ አድሯል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረ፣ ቀንዱ እዚህና እዚያ የዘረጋ ትልቅ ዳለቻ በሬ ነው። አራጁ ገና አልመጣም። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶት ገመዱም አብሮ ረጥቦ ነበርና፣ በሬው አንገቱን ወዘወዝ ሲያደርግ ቋጠሮው ተፈታ። በሬው ሁለት እርምጃ ተራመደና በኛ ቤትና በማድ ቤቱ መካከል መጥቶ ቆመ።

ያደረገው ይኸው ነው። ሰው ግን ጉድ ፈላ ብሎ ተተራመሰ። አንዱ አጥር ላይ፣ አንዱ በርሜል ላይ። ጓድ ታፈሰ የቅርጫው ሰብሳቢ ስለነበር ከሽንት ቤቱ በር ኋላ ሆኖ መመሪያ ይሰጣል። ግርማን ብፈልገው ማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው።

«ግርማ! ውረድና ያዘው እንጂ!»

«ባሕር ላይ በሬ የለም ጋሼ!»

እማማ አስካለ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። በሬው ከፊታቸው ነው። ይህን ሳይ አንድ ነገር ውስጤ ተነሳ። ለአሥር ቀን ምን ስማር ነው የከረምኩት? በሬ እንዴት እንደሚገጠም ከእኔ በላይ ያጠና ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ አለ? የለበስኩትን ጋቢ አወለቅኩ። እማማ አስካለ ራሳቸው ፈትለው ለሠርጋችን የሰጡኝ ጋቢ ነው። አንድ እግሬን አስቀደምኩ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ ጋቢውን በግራ እጄ ዘርግቼ አውለበለብኩ።

«ና!» አልኩት። «ና ወንድ ከሆንክ!»

 በሬው ዞሮ አየኝ። ያመነዥካል። ጋቢውን አራገፍኩ፤ አየኝ። ወደ ጎን ተወርውሬ በሌላ በኩል አውለበለብኩ፤ አሁንም አየኝ። አንዴ ጆሮውን ነቅነቅ ሲያደርግ መጣ ብዬ ዘለልኩ፤ ዝንብ ነበረች። እየተጠጋሁ አውለበለብኩ፣ እየዞርኩ አውለበለብኩ፣ ላቤ ጠብ ጠብ አለ፣ ክንዴ ዛለ። በመጨረሻ ጨከንኩና «ና እንጂ!» ብዬ ወደ ፊት ስረግጥ ጭቃው ከእግሬ ሥር ሸሸ። በጀርባዬ ተንሸራትቼ ሄድኩና ጭንቅላቴ በበሬው የፊት እግሮች መካከል ሲደርስ ቆምኩ።

ከላይ ትልቅ እርጥብ አፍንጫ አየሁ። አሸተተኝ። ከዚያ የጋቢውን ጫፍ ጎረሰና ማመንዠኩን ቀጠለ።

እማማ አስካለ ቀስ ብለው መጡ። «ና የኔ ጌታ» ብለው ገመዱን ሲያነሱት በሬው እንደ ልጅ ተከተላቸው። ሲያልፉ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«እርስዎም ይነሱ፤ ብርድ ይመታዎታል።»

አጥር ላይ ያለውም በርሜል ላይ ያለውም በሳቅ ፈነዳ። አፈር ልብላ እንዳልል ቀድሜ በልቼዋለሁ። አፍሬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ግን እዚያው ጭቃው ላይ ተንጋልዬ ሳለሁ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። አሁን ማን ነበር አጽሙ? እኔ። ያውለበለብኩት እኔ፣ የዘለልኩት እኔ፣ የደከምኩት እኔ፣ የወደቅኩትም እኔ። በሬውስ ምን አደረገ? ምንም። ቆሞ አየኝ።

ቆሞ ማየት! አራተኛው!

ተነስቼ በረርኩ። ጭቃዬን እንዳነገብኩ ቤት ገባሁ፤ ጥሩወርቅ «ምንጣፌን!» ብላ ጮኸች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ቴሌቪዥኑን አበራሁና ጀግናዬን ወደ ሜዳው አስገባሁት። ግርማ ከጣሪያው ወርዶ ተከተለኝ፣ ጓድ ታፈሰ ከሽንት ቤቱ ወጥቶ ተከተለኝ፣ እማማ አስካለ ደግሞ ጋቢያቸውን ለማጠብ ሊቀበሉኝ ተከተሉኝ። አጽሙ ጨርቁን አራገፈ። እኔም አራተኛዋን ተጫንኳት።

«ጓድ መምህር!» ጓድ ታፈሰ ነው። «መሀል ሰፋሪነት!»

«ሲፈልግ ይሁን!» አልኩ። እንዲህ ያለ መልስ በዚያ ዘመን ከአፌ መውጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አጽሙ አውለበለበ፤ ጀግናዬ ቆመ። አጽሙ ተጠጋ፤ ቆመ። አጽሙ ወዲያ ዘለለ፣ ወዲህ ዘለለ፤ ቆመ። አራተኛዋን ብቻ ደጋገምኳት። ከዚያ አጽሙ ጎበጥ አለ። ክንዱ ወረደ። በመጨረሻ እኔ ጭቃው ላይ እንዳደረግኩት ሁሉ ጨከነና ጨርቁን ጥሎ ራሱ ሮጦ መጣ፤ ቀጥታ ጀግናዬ ቀንድ ላይ። አጥንቶቹ እንደ ጭራሮ ተበተኑ። ሙዚቃ ጮኸ።

 መጀመሪያ የተነፈሰው ጓድ ታፈሰ ነው።

«ይሄ ነው ስልታዊ ማፈግፈግ! ከመጀመሪያውም ብያለሁ» አለና ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ከሜዳው ባሻገር አንድ ትልቅ በር ሲከፈት አየን፤ ከበሩ ወዲያ ባሕር፣ ከባሕሩ ወዲያ ሌላ አገር። ግርማ ትንፋሹን ውጦ፣ «ይሄን መርከባችን ላይ ማንም አላየውም…» እያለ ወደ ፊት ሲጠጋ፣ እማማ አስካለ ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ነቀሉት።

«እማዬ!»

«ሞተ አይደል?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«ሞተ፣ እማማ።»

«እንግዲያስ በዘመን መለወጫ አጽም ቤት ውስጥ አይውልም።» የጥሩወርቅን የጥልፍ ልብስ አንስተው ቴሌቪዥኑን በሥርዓት ከፈኑት። ግርማ ስለ አሥር ቀን መንገዱ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ አለቀሰ።

እኩለ ቀን ላይ ዳቦው ቀረበ። ታጥቤ፣ ነጭ ለብሼ ቆሜያለሁ። ቢላዋው በእማማ አስካለ እጅ ነው።  ግርማ ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አልገደለውም እኮ እማዬ። ዝም ብሎ ነው የቆመው! ቆሞ ማየት ምኑ ጀግንነት ነው?»

እማማ አስካለ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አንተስ የት ነበር የቆምከው?»

ግርማ ጣሪያውን አየ። ጥሩወርቅ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ በዚህኛው ሳቅ ግን የተሳቀበት እኔ አልነበርኩም።

«በጉ ሸሸዎት፣ በሬው ግን አልሸሸዎትም» አሉኝ እማማ አስካለ። «እየተሻለዎት ነው።» ከዚያ ቢላዋውን በእጀታው በኩል ወደ እኔ አዙረው ሰጡኝ። «ግርማ አይድከም። እርስዎ ይቁረሱ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። የምን ወንድነት፣ አለቀስኩ። ቢላዋውን ዳቦው ላይ አሳረፍኩ፣ «በስመ አብ» አልኩ፣ እና የልማድ ነገር ሆኖብኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ።

ስገልጥ ዳቦው እዚያው ነበር።